ደብዳቤ ለልጄ፦ ኢንዳክሽኑን ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ አባቴ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ማቅለሽለሹ ተወት አደረጋት ወይ? እኛ ደህና ነን። ደሴ ያው ደሴ ናት፤ የጦሳ ተራራ እስከ ረፋድ ጉሙን አይጥልም። እናንተ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱን ስታማርሩ እኛ ጋቢ ደርበን ተቀምጠናል።

ባለፈው በስልክ "እማ፣ ኢንዳክሽን ልግዛ ወይስ ያንኑ ተራውን ምድጃ?" ብለህ ጠየቅከኝ። ልመልስልህ ስል ተቋረጠ። ቢቋረጥም አልከፋኝም። ይሄ በ"ሃሎ፣ ይሰማል?" የሚያልቅ ወሬ አይደለም። እኔ ከያዝኩት ቆየሁ፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

መልሴ አጭር ነው፤ ግዛ። ግን ሱቅ ከመሄድህ በፊት የቤትህን መስመርና ድስቶችህን ተመልከት። ገዢው ሁሉ ስለ መስታወቱ ቀለምና ስለ ቁልፉ ብዛት ሲከራከር ይውላል። ጣጣው የሚመጣው ግን ከግድግዳው ሶኬትና ከመደርደሪያው ድስት ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። ሳይንስ ስታስተምር የኖረች እናት ስላለችህ ትንሽ ታገሥ። በተራው ምድጃ ሽቦው ይግላል፤ የጋለው ሽቦ ድስቱን ያሞቃል። ኢንዳክሽን ላይ የሚግል ሽቦ የለም። ከመስታወቱ ሥር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። የምድጃው ቦርድ ይህን ከ20 ሺህ በላይ ያደርሰዋል። በዚህ ፍጥነት የሚቀያየረው የማግኔት ኃይል በድስቱ ቂጥ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያሽከረክራል፤ ብረቱ ራሱ ይግላል። ፋራዳይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ሚስጥሩን በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘው። ወጥ ይሠራበታል ብሎ መቼም አላሰበም።

እሳቱ ድስቱ ውስጥ ስለሚወለድ ብዙ አይባክንም። ከሚስበው መብራት 85 በመቶው ገደማ ምግቡ ጋር ይደርሳል። የቡታጋዝ ነበልባል ግማሹን እንኳ ለድስቱ አይሰጥም፤ ማጀቱን ነው የሚያሞቀው። እዚህ በደሴ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሊትር በ2,000 ዋት ላይ ስጥድ ሦስት ደቂቃ አለፍ ሲል ይፈላልኛል። ለሻይ ሲሉት ሸጋ ነው።

አሁን ወደ ድስቱ። በሠርጋችሁ የመጣውን አልሙኒየም ድስት ሁሉ አንድ በአንድ ብትጥድበት "ጢጥ ጢጥ" ብሎ ይጠፋብሃል። አልሙኒየም አይቀበልም። መዳብም አይቀበልም። ሸክላማ ወጉም የለው። የሚቀበለው ማግኔት የሚይዘውን ብቻ ነው። ከውስጡ ብረት የሆነ ቀለም ቅብ ድስትም ይሆናል። ጥቁሩ ወፍራም የብረት መጥበሻ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ስቴንለስ ነው የሚያታልለው። ፒያሳ አንድ ዕቃ ቤት ገብቼ የፍሪጅ ማግኔቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ድስቶቹን መነካካት ስጀምር ሻጩ ልጅ ደነገጠ። "እትዬ፣ ምን ልርዳዎት?" አለኝ። "የሚይዘውን እየፈለግኩ ነው" አልኩት። አንዱን ስቴንለስ ጎኑ ላይ ለጠፍኩት፤ ማግኔቱ ወደቀ። ገልብጬ ቂጡ ላይ ሳስጠጋው ግን ቀጭ ብሎ ያዘ። ከጎኑ ያለው መልኩም ዋጋውም ያው ነበር። እሱ ግን ጎኑም ቂጡም አልያዘም። ልጁ ዓይኑ እያየ መደርደሪያውን ሁሉ አዳረስኩት። በኋላማ ማግኔቱን ተቀብሎኝ የቀሩትን ራሱ መሞከር ጀመረ። ስለዚህ ቂጡን ሞክር፤ ጎኑ አያታልልህ። ለስለስ አድርጎ ከያዘ ተወው፤ ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን ምረጥ።

ቂጡ ደግሞ ዝርግ ይሁን፣ ወፍራም ይሁን። በእነዚህ ትንንሽ ምድጃዎች ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ከመስታወቱ በጣም ያንሳል። መስታወቱ ሰፊ ስለሆነ እሳቱም ሰፊ ይመስልሃል እንጂ የሚያሞቀው መሀሉን ነው። ቀጭን ድስት ከጣድክ መሀሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ለአረፋም ለፋሲካም ዘመድ ሲሰበሰብ የምናወጣውን ትልቁን ድስት እዚህ ላይ ለመጣድ እንዳታስብ። እሱ ሲያምርህ ይቅር።

ሱቅ ስትሄድ ከማግኔቱ ሌላ አንድ አሮጌ የአልሙኒየም ድስት ይዘህ ሂድ። ትስቅ ይሆናል። ገበያው ላይ ኢንፍራሬድ የሚባል ሌላ ምድጃ አለ። እሱም ጥቁር መስታወት፣ እሱም ባለ ቁልፍ ነው። አንዳንድ ነጋዴ ሁለቱንም "ኢንዳክሽን" ብሎ ይሸጣል። አልሙኒየሙን ጣድበት። ካሞቀው ኢንፍራሬድ ነው፤ ከመስታወቱ ሥር የሚቀላ ሽቦ አለው ማለት ነው። መጥፎ ዕቃ ነው አልልም፤ ማንኛውንም ድስት ይቀበላል። ግን መስታወቱ ራሱ ስለሚግል ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያቃጥላል። ነገ ድክ ድክ የሚል ልጅ ለሚመጣበት ቤት አልመርጠውም። የኢንዳክሽኑም መስታወት ከድስቱ በተዛመተ ሙቀት ይሞቃል፤ ቶሎ ግን ይበርዳል።

ሌላም ፈተና አለ። ሻጩ ውሃ ይጣድልህ፤ ዝቅተኛው ቁጥር ላይ አድርገህ ተመልከት። ርካሾቹ ዝቅ ሲደረጉ ኃይላቸው አይቀንስም። ጥቂት ሰከንድ በሙሉ ጉልበት ይሠራሉ፣ ከዚያ ያርፋሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። ውሃው ፈላ፣ ጸጥ፣ ፈላ፣ ጸጥ ሲል ታየዋለህ። ለሻይ ምንም አይደለም። በርበሬ ግን በዚያች ጥቂት ሰከንድ ነው የሚያርረው። ሳያቋርጥ ዝግ ብሎ የሚንተከተክልህን ካገኘህ ጥቂት ብር ጨምረህም ቢሆን እሱን ውሰድ። ባለ ሁለት ምድጃው ይቅርብህ፤ ብዙዎቹ ሁለቱም ሲበሩ ኃይሉን ይከፋፈላሉ። ለሁለት ሰው ባለ አንዱ ይበቃል። የዋስትና ወረቀቱን ማኅተም አስደርገህ ተቀበል።

መስመሩ ላይ ልቆይ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ምድጃው 2,000 ዋት ነው እንበል። በ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ይሆናል። ብቻውን ከሆነ ደህና ሶኬት ይችለዋል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ወደ 3,500 ዋት ይጠጋል፤ 16 አምፔር ማለት ነው። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ከሰካህ 25 አምፔር ጎተትክ። ብሬከሩ ጤነኛ ከሆነ ይወርዳል። ጤነኛ ካልሆነ ሽቦው ይግላል፤ እሱ ደግሞ ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ አታየውም። የኪራይ ቤት ላይ የማጀቱ ሶኬት ከአምፖል መስመር ተቀጥሎ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተህ አስፈትሽ። ለሶኬት የሚዘረጋው ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መሆን አለበት። ለአምፖል የሚዘረጋው 1.5 ነው። ይህን ብቻ ጠይቀው፤ እንደምታውቅ ሲያይ ተጠንቅቆ ይሠራልሃል።

ዲቫይደር ላይ አትሰካው። ጎረቤታችን አንዱን ቀጭን ዲቫይደር ላይ ምድጃም የውሃ ማፍያም ሰክታ የፕላስቲክ ሽታ ነው የቀሰቀሰን። ሶኬቱ ቀልጦ ከዲቫይደሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ደግነቱ ሰው ነበረ። ቀጥታ ግድግዳ ላይ ስካ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅህ ዳስሰው። ለብ ካለ ምንም አይደለም። ከፋጀህ አጥፋና ሶኬቱን አስቀይር።

የአከራያችሁንም ነገር አስብ። አንዳንዱ አከራይ ምድጃ የሚባል ነገር አይወድም። ቀድመህ አስፈቅድ፤ ተደብቆ የሚሠራ ወጥ የለም፣ ሽታው ያሳብቃል። ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነም ሒሳቡን አብራችሁ ተነጋገሩ። የመኖሪያ ቤት ታሪፉ በእርከን ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሹ ነው፤ ፍጆታው ላይኛው እርከን በገባ ቁጥር ይከብዳል። በቀን ሁለት ሰዓት በአማካይ 1,000 ዋት ላይ ብታበስሉ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 60 ይሆናል። ምድጃው ብቻውን የመጀመሪያውን እርከን አሳለፈ ማለት ነው። ከከሰል ጋር አስተያይተህ አንተው ሒሳቡን ሥራ፤ የኮምቦልቻን የከሰል ዋጋ እኔ እዚህ ሆኜ አልገምትልህም።

የመብራቱ ነገር ያው የምታውቀው ነው። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እልል ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን ከግድቡ እስከ ማጀቴ ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት ምሰሶ አለ! አመሻሽ ላይ ሁሉም ሰው ምጣዱን ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል። ያኔ ኢንዳክሽኑ የስህተት ቁጥር እያሳየ እምቢ ይላል። ተበላሸ ብለህ አትደንግጥ፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። አጥፍተህ ቆየት ብለህ ሞክረው። ስታብላይዘር ካሰብክ ለ2,000 ዋት ምድጃ ቢያንስ የ3,000ው ያስፈልግሃል። የቴሌቪዥኑ ስታብላይዘር ላይ እንዳትሰካው።

ስለ መብራት መጥፋት ካነሳሁ ከሁሉም በላይ የወደድኩለትን ጠባይ ልንገርህ። የድሮው ምድጃ መብራት ሲሄድ እንደተከፈተ ይቀራል። ሰው "ጠፋ" ብሎ ይተወዋል፣ ይረሳዋል፣ ከቤት ይወጣል። መብራቱ ሲመጣ ባዶ ቤት ውስጥ ሽቦው ይቀላል። ስንት ማጀት በዚህ ተቃጠለ! ኢንዳክሽኑ ግን በጣት የሚነካው ዓይነት ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠፍቶ ነው የሚቆየው። አንተ ተመልሰህ ካልነካኸው አይነሳም። ድስት ካነሳህበትም ጢጥ ጢጥ ብሎ ራሱን ያጠፋል። አንተ እንደሆንክ ከልጅነትህ ጀምሮ የበራ ነገር ትቶ መውጣት ልማድህ ነው። አብሽር፣ ይሄኛው ይችልሃል።

ወጡን በተመለከተ እጅህ እስኪለምድ ትቸገራለህ። ተራው ምድጃ ሲከፈት ቀስ ብሎ ነው የሚግለው፤ ሽንኩርት ለመክተፍ ጊዜ ይሰጥሃል። ይሄ ጊዜ አይሰጥም። ሁሉንም ከትፈህ፣ በርበሬውን በጭልፋ ለክተህ፣ ትንሽ ውሃ በኩባያ አስቀምጠህ ነው የምታበራው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጣል አድርገህ 1,200 ላይ አቁላላው። ውሃውን ሲጨርስ ወደ 600 አውርደህ ዘይቱን ጨምር። በርበሬ ሲገባ ከዚያም ዝቅ አድርገህ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግክ አማስል። ልብ በልልኝ፤ የበርበሬው ሽታ ከጣፋጭ ወደ ሚያስነጥስ ሲቀየር ድስቱን አንሳው። ያነሳህ ጊዜ እሳቱ ያኔውኑ ይቆማል። በተራው ምድጃ የጋለው ሽቦ እስኪበርድ ስንቱ ቁሌት አሮ ተደፍቷል።

ሽሮም እንደዚያው ነው። ሊገነፍል ሲነሳ አንድ ቁልፍ ስትነካ ይተኛል። ቢገነፍልም መስታወቱ ላይ አያርርም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። ስኳር ያለበት ነገር ከፈሰሰ ግን ቶሎ ጥረገው፤ ከደረቀ ሙጫ ነው። በአመድ ወይም በድስት ሽቦ እንዳትፈትገው፣ ይቧጨራል። ድስቱንም መስታወቱ ላይ አትጎትት፤ ብድግ አድርገህ አስቀምጥ።

ባቄላና ሽምብራ ስትቀቅል እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ውሃችን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሁለት ዲግሪ ትበልጡናላችሁ። ቢሆንም ፕሬዠር ግዙ፤ ቂጡ ማግኔት የሚይዝ ይሁን። ጥራጥሬው ቶሎ ይበስላል፣ ቆጣሪውም ያርፋል።

እንጀራው በምጣዱ ይቀጥላል፤ ኢንዳክሽን ለእሱ አልተሠራም። ቡናውም ከከሰሉ አይለይ። ጀበናውን ኢንዳክሽን ላይ ለማስቀመጥ ብለው የብረት ሳህን ከሥሩ የሚያነጥፉ አሉ። ሳህኑ ከልክ በላይ ይግላል፣ መስታወቱንም ይጎዳል፣ ጀበናውም ቂጡ ክብ ስለሆነ ይወላከፋል። ደግሞስ ዕጣኑን ምን ላይ ልታጨስ ነው? አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥቶ፣ ዱዓ አድርጎ የሚነሳ የወሎ ሰው በጢጥ ጢጥ ቡና አይጠጣም። የከሰል ምድጃህን አትጣላት። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ደሴን ይዞ መብራት በጠፋበት ጊዜ ያበላችን እሷ ናት።

ከሰሉን ግን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አቀጣጥል። ጭሱ ስለማይታይ ሰው ይዘናጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ይገድላል። ለነፍሰ ጡርማ ጨርሶ አይሆንም። ሰፈር ውስጥ "ኢንዳክሽን ጨረር አለው፣ ጽንስ ይጎዳል" ሲሉ ሰምታ ባለቤትህ እንደተጨነቀች ነግረኸኛል። ከድስቱ ሥር ያለው ማግኔታዊ ኃይል ጥቂት ራቅ ሲሉ ወዲያው ይደክማል፤ ምግቡም ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ሆዷን አስደግፋ አትቁም እንጂ ታብስል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት እንግዳ ከመጣ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምድጃው አጠገብ አይቁም።

አቀማመጡን ልጨምር። አየር የሚስበው ከሥሩ ስለሆነ ዳንቴል አታንጥፍበት፤ ምራቴን አውቃታለሁ፣ ታነጥፋለች። ከግድግዳው በስንዝር አርቀው። አብስለህ ስትጨርስ ወዲያው ከሶኬት አትንቀል፤ ውስጡ ያለው ፋን ዞሮ ዞሮ ራሱ ይቆም። ከዚያ ንቀለው። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ በረሮ አይጠፋም። በረሮ ደግሞ ሞቅ ያለ ቦርድ ይወዳል፤ ገብቶ ሾርት ያደርገዋል። የወጥ ፍንጣሪ ሳያድር ጥረግ፤ ማታ ማታም ሥሩን አየት አድርገው።

ጥቁሩን የብረት መጥበሻዬን ለአንተ አስቀምጬዋለሁ፤ ማግኔት ይይዛል፣ ሞክሬዋለሁ። ቅዳሜ በሚኒባስ እልከዋለሁ፤ ስጭነው ደውዬ የሾፌሩን ቁጥር እሰጥሃለሁ። ሁለት ኪሎ በርበሬም አብሮ አለ። አዲስ የተፈጨ ስለሆነ ያቃጥላል፤ ለነፍሰ ጡሯ ቀነስ አድርገህ ሥራላት።

እናትህ
ደሴ